ብዕር ላለው ታብሌት የቱ ሊኑክስ ይሻላል?

ብዕርና ተች ስክሪን ላለው ታብሌት ሊኑክስ ስትመርጡ ከስርጭቱ ስም በፊት ከርነሉንና ዴስክቶፑን እዩ። የብዕሩ ድራይቨር ያለው ከርነሉ ውስጥ ነው። የዋኮም ብዕር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳትጭኑ ይሠራል። ማሽኑ የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ከሆነ ግን በብዙ ሞዴሎች ላይ «ሊኑክስ ሰርፌስ» የተባለውን ከርነል መጨመር ግድ ይላል፤ ያም ሆኖ ካሜራው ላይሠራ ይችላል።

ከዴስክቶፖቹ የእኔ ምርጫ ዌይላንድ በተባለው የማሳያ ሥርዓት ላይ የሚሠራው ጂኖም ነው። መጻፊያ ሳጥን ስትነኩ ኪቦርዱ ራሱ ብቅ ይላል፣ ሴንሰሩ ከታወቀ ደግሞ ታብሌቱን ስታዞሩ ስክሪኑም አብሮ ይዞራል። ለዚህ ነው በተለይ ለአዳዲስ ማሽኖች ጂኖምን ይዞ የሚመጣውን ፌዶራ ወርክስቴሽንን የምመክረው፤ በየ6 ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፣ በመሀልም ከርነሉን ያድሳል። ሥዕል የምትሠሩ ኬዲኢ ፕላዝማ 6ንም እዩ፤ የብዕሩን ቁልፎች ከሴቲንጉ ማስተካከል ይቻላል።

የቱንም ብትመርጡ ዲስኩን ከማጥፋታችሁ በፊት ከፍላሽ አስነስታችሁ ፈትኑት። ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም እዚያው ጫኑና መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጫን አድርጋችሁ መስመር አስምሩ። በግፊት ውፍረቱን በሚቀይር ብሩሽ መስመሩ ካልወፈረ፣ ሲስተሙ የብዕሩን ግፊት እያነበበ አይደለም። መዳፋችሁ የራሱን መስመር እንደማያሰምር ለማየትም ስክሪኑ ላይ አሳርፋችሁት ጻፉ። አማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ የስክሪኑ ኪቦርድ ፊደላችንን ማውጣት አለማውጣቱን ያኔውኑ አረጋግጡ።