ጀርባው ክፍት፣ ጀርባው ዝግ

ውድ ሄድፎን የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ስሙ ነው። የት ሆኖ እንደሚያዳምጥ ቢያስቀድም ይሻለው ነበር። ማታ ሱሉልታ በገዛ ክፍሉ ለሚያዳምጥና ጠዋት ከሰበታ በዓለም ገና አድርጎ ወደ አየር ጤና በታክሲ ለሚሄድ ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ አይሆንም።

በሄድፎኑ ውስጥ ዲያፍራም የሚባለው ስስ ሽፋን ሲንቀሳቀስ ድምፅ ወደ ጆሯችን ይልካል፤ የዚያኑ ያህል ወደ ኋላም ይልካል። ጀርባው ክፍት የሆነውና ጀርባው ዝግ የሆነው ሄድፎን የሚለያዩት በዚህ የኋላ ድምፅ አያያዝ ላይ ነው። የክፍቱ ክዳን መረብ ስለሆነ ይለቀዋል። ዝጉ ግን ያስቀረዋል፤ የታፈነው አየር ዲያፍራሙን መልሶ ይገፋል፣ ከክዳኑ የነጠረው ድምፅም ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። ባዶ ጋን ውስጥ እንደ መናገር ያለ ነገር ነው። (እግረ መንገዴን፦ ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ የታፈነው አየር የመግፋት ጉልበትም በዚያው ልክ ይለዝባል። ይህን በጆሮዬ እለያለሁ የሚል ቢመጣ ግን አላምነውም።)

ጀርባው ክፍት ሄድፎን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኤችዲ 414ን ሲያወጣ ነው። ይኸው ድርጅት በ2009 ክፍቱን ኤችዲ 800 አቀረበ። በ2018 ዝግ ዘመዱን ኤችዲ 820ን ሲያስከትል ክዳኑን ጎድጎድ ካለ መስታወት ሠራው፤ መስታወቱ የኋላውን ድምፅ አንጥሮ ወደሚመጥጡት ክፍሎች ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ድካም ክዳኑ የሌለ ለማስመሰል ነው!

ልዩነቱን ለመፈተን ከበገና የተሻለ አላውቅም። ኢትዮፒክስ ከተባሉት ተከታታይ አልበሞች 11ኛውን፣ የበገና ደርዳሪውን የአለሙ አጋን፣ መክፈት ነው። አውታሮቹን በሚሸከመው በርኩማና በአውታሮቹ መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ያወጣሉ። በክፍቱ ሲሰማ ንዝረቱና የዘማሪው ድምፅ ይለያያሉ፤ ዝማሬው ከራስ ቅል ውጭ የሚመጣ ይመስላል። በዝጉ ወፍራሙ ድምፅ ክብደት ያገኛል፣ ነገር ግን ሁሉም ተጠጋግቶ ይታመቃል። ለበገና እኔ ክፍቱን እመርጣለሁ። ቤዙ ደረት ለሚመታ ዘመናዊ ሙዚቃ ግን ዝጉ ይበልጣል፤ ክፍቱን የወፍራሙ ድምፅ የታችኛው ጫፍ ያመልጠዋል።

ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ክርክሩ ያበቃል። በክፍቱ ሞተሩም፣ ጡሩምባውም፣ የረዳቱ ጥሪም ይገባል፤ ሰውየውም ድምፁን እየጨመረ ጆሮውን ይጎዳል። የእሱም ሙዚቃ አጠገቡ ለተቀመጠው ይደርሳል። ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤትም ውስጥ ያው ነው፤ የተኛ ሰው ካለ ዝጉ ይሻላል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር አለ። ኤችዲ 600ና ኤችዲ 650ን የመሳሰሉ ክፍት ሄድፎኖች ኢምፒዳንሳቸው (ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ) 300 ኦም ስለሆነ ስልክ ላይ በቀጥታ ሲሰኩ ድምፃቸው ይደክማል። ሲገዙ የትንሽ አምፕሊፋየር ዋጋም አብሮ መታሰብ አለበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ባትሪ ያለው ቢሆን ይመረጣል።