ስትሮክ የሚይዘው እጅና እግርን ብቻ አይደለም

ለተግባር ልምምድ በክልላችን በአንድ የጤና ተቋም ተመድቤ ሳለሁ ግራ ጎናቸው በስትሮክ የተያዘ አንድ አባት አጋጠሙኝ። ልጃቸው በጀርባቸው እንደተኙ አጥሚት ታጠጣቸዋለች። እኔ ኦክስጅናቸውን ለካሁና 94 ስላገኘሁ «ደህና ናቸው» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። በ3ኛው ቀን ትኩሳት ጀመራቸው፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። ያን ቀን «እስቲ ይሳሉ አባባ» አላልኳቸውም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

ለመሆኑ አንጎልና ሳንባን ምን አገናኛቸው? ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ነው። የሚያዘው ነርቭ አንገት ላይ ካለው የህብለ ሰረሰር 3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ክፍል ይነሳል። ስትሮክ ጡንቻውንም ነርቩንም በቀጥታ አይነካም፤ የሚመታው ትእዛዝ ሰጪውን አንጎል ነው። መብራት ሲጠፋ አምፖሉም ሽቦውም ደህና ሆኖ ኃይሉ ከምንጩ እንደሚቋረጠው ማለት ነው። ስለዚህ ሽባ በሆነው ጎን ያለው የድያፍራም ግማሽም ሊደክም ይችላል።

ታዲያ ለምን አይታወቅም? ዝም ብለን ስንተነፍስ የሚያዘን የአንጎል ግንድ ስለሆነና ብዙ ጉልበት ስለማይጠይቅ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በሙሉ ኃይሉ አየር ሲስብ ግፊቱ እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ውሃ ገደማ ይደርሳል፤ ስትሮክ ባለበት ሰው ብዙ ጊዜ በግማሽና ከዚያ በላይ ቀንሶ ይገኛል። ጉድለቱ የሚወጣው ሲስል ነው። ለመሳል በጥልቀት አየር መሳብ፣ ጉሮሮን መዝጋት፣ ከዚያም በሆድ ጡንቻ ገፍቶ መልቀቅ ያስፈልጋል። ስትሮክ ሦስቱንም ሊያዳክም ይችላል። በዚያ ላይ መዋጥ ካስቸገረ አጥሚቱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሚያስወጣው ሳል ደግሞ የለም። የኦክስጅን መለኪያው ይህን አይነግረንም።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ የመዋጥ ችሎታው ሳይፈተሽ ውሃም ቢሆን በአፍ አይሰጥ።

2ኛ/ አልጋው ከራስጌ ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል፤ ሲበላ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ።

3ኛ/ በየዕለቱ እንዲስል ጠይቀን እናዳምጥ፤ ድምፁ ከረጠበ ወይም ሳሉ ከላላ ቶሎ እናሳውቅ።

4ኛ/ አፉ በደንብ ይጽዳ።

5ኛ/ ነቅቶ መታዘዝ ከቻለ ጥልቅ አተነፋፈስ እናለማምደው። ተቋቋሚ ኃይል ባለው መሣሪያ አየር መሳብን መለማመድ የጡንቻውን ጥንካሬ እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳያሉ።

ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ አሶሳ ድረስ በመኪና ተኝቶ የሚመጣ ሕመምተኛ መንገድ ላይ «ጉሮሮው እንዳይደርቅ» ተብሎ ውሃ ሊሰጠው ይችላል። ቤተሰብ በፍቅር ነው የሚያደርገው፤ አይወቀስም። ምክሩን በበርታኛ፣ በጉሙዝኛና በሺናሽኛ የምንችል ተማሪዎች በየቋንቋችን ብንነግራቸው ግን ብዙ ሰው እናተርፋለን።