ያውቁ ኖሯል? ከቦሌ እስከ ጊዶሌ፣ በዜማ መንገድ ከውሻ ጋር

በአሜሪካ ደቡብ ባልና ሚስት ቫን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው፣ ውሾቻቸውን አስከትለው፣ ከናሽቪል ሜምፊስ፣ ከሜምፊስ ኒው ኦርሊንስ እያሉ በየከተማው ሙዚቃ ይሰማሉ። የእኛም ደቡብ በዜማ የከበረ ነው፤ መንገዱም ከቦሌ ደጃፍ ይጀምራል። እንዲህ ላለ ጉዞ ለሚያስቡ ጥንዶች፣ በተለይ ውሻቸውን ቤት ትተው መሄድ ለማይሆንላቸው፣ የሚጠቅሙ ቁም ነገሮችን ሰብስበናል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ከናሽቪል እስከ ሜምፊስ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ደግሞ 275 ያህል።

ያውቁ ኖሯል? በ2005 የወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም፣ «ብሮክን ፍላወርስ»፣ ቢል መሪ አሜሪካን በመኪና እየዞረ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ የሚያዳምጥበት ነው። ሲዲውን ቀድቶ የሚሰጠው ጎረቤቱ ዊንስተን በታሪኩ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ ተሸልሟል። በ1943 ጅማ የተወለዱት ሙላቱ ሙዚቃቸው በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ሲንቆረቆር በመላው ዓለም አዲስ አድማጭ አገኙ። እኛ ግን እሳቸው ብዙ ወደ ተማሩበት ደቡብ በመኪና ወርደን ለማዳመጥ ገና ብዙ ይቀረናል። ወደዚህ ነጥብ ጊዶሌ ስንደርስ እንመለሳለን።

ያውቁ ኖሯል? የሜምፊሱ ኤልቪስ ፕሪስሊ አዲስ አበባ ውስጥ ስመ ወራሽ ነበረው። በ2021 ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እየተባለ ይጠራ ነበር። አምሐ እሸቴ በ1969 የሸክላ ማሳተሚያውን ሲከፍት ሥራ የጀመረው በዓለማየሁ ዘፈን ነው።

ቦሌም ብትሆን የሙዚቃ ታሪክ አታጣም። በ2007፣ በእኛ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ሚሊኒየም አዳራሽ ብላክ አይድ ፒስ ተጫውተዋል፤ በወሩ ደግሞ የአሜሪካ ደቡብ ልጅ የሆነችው የሂውስተኗ ቢዮንሴ ዘፍናለች። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲሄዱ ደግሞ በቦብ ማርሌይ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። ለደቡብ ጉዞ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ ምክንያቱን ሻሸመኔ ላይ ያገኙታል።

ያውቁ ኖሯል? ባልና ሚስት ሆኖ በዜማ አገር ለአገር መዞር ለእኛ አዲስ አይደለም። ላሊበሎች ገና ሳይነጋ ከደጅ ቆመው ሲያዜሙ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀባበሉት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ግጥሙን ያወርዳል፣ እሷ ዜማውን ትይዛለች፤ የሰጠውን ይመርቃሉ፣ የነፈገውን ይነካካሉ። ዝማሬውን ያቆመ የሥጋ ደዌ ይይዘዋል የሚለው እምነት ሙያውን ከወላጅ ወደ ልጅ ሲያሸጋግረው ኖሯል። አዝማሪዎችም ዘንድ እሱ ማሲንቆ መትቶ እሷ የምትዘፍንባቸው ጥንዶች ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የእነዚህ ሰዎች ጉዞ በእግር ነበር፤ በየግቢው የሚቀበላቸውም ውሻ ነው። የላሊበሎች ድምፅ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች እየራቀ መሄዱ ያሳዝነናል። ጎህ ሲቀድ ደጅዎ ላይ ከሰሙ ውሻዎን ያዝ አድርገው በሩን ይክፈቱላቸው።

ውሻ ይዞ መጓዝም ቢሆን ጥንት አለ። ሉሉ የሚባለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ቺዋዋ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትሎ ባሕር ማዶ ሳይቀር ተጉዟል።

ያውቁ ኖሯል? ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚመቸው መኪና በከተማችን ሞልቷል። በተለምዶ አባዱላ የምንለው ቶዮታ ሃያስ፣ የኋላ ወንበሮቹ ሲነሡ ፍራሽም የውሻ ማረፊያም ይይዛል። አዲስ መኪና ከውጭ ለማስገባት ካሰቡ ግን ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን ያስታውሱ።

ከቦሌ በቀለበት መንገድ ወደ ቃሊቲ ወርደው ቱሉ ዲምቱ ሲደርሱ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይጀምራል። በ2014 የተከፈተ፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ነው። እግረኛም እንስሳም አይገባበትም፤ ስለዚህ ውሻዎ የሚፈልገውን ሁሉ ከመግባትዎ በፊት ያድርግ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈው በመቂና በባቱ በኩል ይቀጥላሉ።

ያውቁ ኖሯል? በዚያው በቃሊቲ የቆላ ዝንብ የሚራባበት ማዕከል አለ። ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር መካን ተደርገው በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ላይ ከአውሮፕላን ይለቀቃሉ፤ ከእነሱ ጋር የተገናኘች እንስት አትራባም። ዓላማው ከብቱን የሚጨርሰውን የገንዲ በሽታ መግታት ነው። ገንዲ ውሻንም ይይዛል። አርባ ምንጭ ዙሪያና ኦሞ ሸለቆ ከገቡ በኋላ ውሻዎ ትኩሳት ካሳየ፣ ከከሳ ወይም ዓይኑ ከደፈረሰ፣ ለእንስሳት ሐኪሙ የት የት እንደነበሩ ይንገሩት።

ያውቁ ኖሯል? ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ አርባ ምንጭ 1,300 እንኳ አይሞላም። የቦሌን ነፋሻ አየር የለመደ ውሻ በአንድ ቀን አንድ ሺህ ሜትር ወርዶ ሐሩር ውስጥ ይገባል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በአሥር ደቂቃ ብቻ በ11 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ባቱ ላይ ዓሣ ለመብላት ስትወርዱ ውሻውን መኪና ውስጥ ቆልፎ መሄድ ሊገድለው ይችላል። አንዳችሁ ከእሱ ጋር ጥላ ሥር ቆዩ።

ሻሸመኔ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ከአፍሪካ ውጭ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች እዚህ 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ፤ ራስ ተፈሪያውያን ከጃማይካና ከካሪቢያን መጥተው ሰፈሩበት። ቦብ ማርሌይ ራሱ በ1978 መጥቶ ጎብኝቶታል። 60ኛ የልደት በዓሉ ሲከበር፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005፣ ቤተሰቦቹ መስቀል አደባባይ ላይ ታላቅ ኮንሰርት አዘጋጁ። የገርጂው አደባባይና የሻሸመኔ ሰፈር የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች ናቸው ማለት ነው።

ውሾችም ሬጌ ይወዳሉ ቢባሉ ያምናሉ? የግላስጎው ዩኒቨርሲቲና የስኮትላንድ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በማቆያ ያሉ ውሾች አምስት ዓይነት ሙዚቃ እንዲሰሙ ተደርጎ ነበር። ይበልጥ የተረጋጉት ሬጌና ለስላሳ ሮክ ሲሰሙ ነው። ድምፁን ግን ቀነስ ያድርጉት፤ የሰው ጆሮ 20,000 ኸርዝ ላይ ሲያበቃ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ድረስ ይሰማል።

ከሻሸመኔ በስተምሥራቅ ወደ ዶዶላና ዲንሾ፣ ወደ ባሌ ተራሮች የሚወስድ መንገድ አለ። ውሻ ይዘው ከሆነ፣ ምክራችን አንድ ነው፦ አይታጠፉ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ላይ ይኖራሉ። ትልቁ ገዳያቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር። በ2003 እና 2004 በተነሣው ወረርሽኝ፣ በሽታው በገባበት የዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በ2018 በምግብ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ለቀይ ቀበሮዎቹ መሰጠት ተጀምሯል። ጤነኛ የሚመስል የከተማ ውሻ ያላሳየውን በሽታ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። ባሌ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው፤ ውሻውን ዘመድ ጋር አኑረው፣ በሌላ ጊዜ ሁለታችሁ ብቻ ሂዱበት።

ያውቁ ኖሯል? የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ነው። ሐዋሳ ላይ ሕዝቡ ጉዱማሌ ሜዳ ወጥቶ ቄጣላ ሲጫወት፣ በሺህ የሚቆጠር ድምፅ ባንድነት ይነሣል። በቴሌቪዥን የሚታየው የዚህን ድምፅ ግዝፈት አያሳይም፤ እዚያው ቆሞ መስማት ነው። ውሻ ግን እንዲህ ያለ ሕዝብ መሃል አይወሰድም።

ከመስከረም አጋማሽ በኋላ የሚጓዝ ደግሞ ወላይታ ላይ ጊፋታን፣ ጋሞ ላይ መስቀልን ያገኛል። ከሐዋሳ ይልቅ በቡታጅራና በሆሳዕና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርዱ ከሆነ፣ መንገድ ላይ በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የጢያ ትክል ድንጋዮች ያያሉ።

ያውቁ ኖሯል? ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጋሞ ተራራ ላይ ያሉት ዶርዜዎች ሸማኔዎች ብቻ አይደሉም። ብዙ ድምፆች በየራሳቸው መንገድ እየሄዱ አንድ ዜማ የሚሠሩበት አዘፋፈናቸው በዓለም የሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ፈረንሳዊው በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ ቀርጾ በሸክላ አሳትሞታል። አርባ ምንጭ ከተማም በርካታ የደቡብ ብሔረሰቦች ሙዚቀኞችን የሚያሰባስብ «የሺህ ከዋክብት» የተባለ የሙዚቃ በዓል ያስተናገደች ናት። እንደ ሜምፊስ በሙዚቃ ስሟ ልትጠራ ይገባት ነበር።

ጫሞ ሐይቅ ዳር ውሻ አይለቀቅም። አዞው የሚጠብቀው ውኃ ሊጠጣ ጠጋ የሚለውን እንስሳ ነው።

አሁን ጊዶሌ ደረስን። ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ ሲወርዱ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ተራራው ላይ የተቀመጠችው ይህች ትንሽ ከተማ የደራሼዎች ናት። እነሱ የሚጫወቱት ፊላ የቀርከሃ ዋሽንት ነው፤ ግን አንዱ ሰው ብቻውን ዘፈን አይጫወትበትም። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው አንድ ድምፅ ነው። ሌላው የእሱን ድምፅ ያወጣል፣ ሦስተኛው ይቀበላል፤ ክብ ሠርተው እየተረማመዱ ሲነፉ ከብዙ ሰው ትንፋሽ አንድ ሙሉ ዜማ ይወጣል። አንዱ ከጎደለ ዜማው ይጎድላል። በሰሜን እምቢልታ ነፊዎችም እንዲሁ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ፤ የደራሼዎቹ ግን ብዛታቸውና ቅልጥፍናቸው ሌላ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በየቃለ ምልልሳቸው ደጋግመው የሚያነሡት ይህን ነው፦ ቻርሊ ፓርከርና ደቡሲ የተመሰገኑበትን ዲሚኒሽድ የተባለ የድምፅ አደራደር ደራሼዎች ከእነሱ ቀድመው በቀርከሃቸው ይጫወቱት ነበር ይላሉ። እነዚህን ሰዎች የሙዚቃ ሳይንቲስቶች ናቸው ብለው ይጠሯቸዋል። የጃዝ ወዳጅ ኒው ኦርሊንስን ለማየት እንደሚጓጓው ሁሉ፣ ኢትዮ ጃዝን የሚወድ ሰው ጊዶሌን ማየት አለበት ብለን እናምናለን።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲሉ የኮንሶ እርከኖች ናቸው፤ ከ2011 ጀምሮ የዓለም ቅርስ። በዚህ አካባቢ የጸጥታው ሁኔታ የሚለዋወጥበት ጊዜ ስላለ፣ ከአርባ ምንጭ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ደኅንነት የአካባቢውን ሰዎች ይጠይቁ። ውሻ የሚቀበል ሆቴልም ብዙ ስለማይገኝ ቀድመው ይደውሉ።

ያውቁ ኖሯል? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ውሻ ነው። በመንገድዎ ያሉት መንደሮች ባልተከተቡ ውሾች የተሞሉ ናቸው። ከተነከሱ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ለውሻዎ የሚሰጠው ክትባትም እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈልግ በመነሻው ዋዜማ የተወጋ ውሻ አልተጠበቀም።

እናም ጉዞውን ያሰባችሁ ጥንዶች፣ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ውሻችሁን አስከትቡ፤ የምስክር ወረቀቱንም መኪናው ውስጥ ያዙ። ጊዶሌ ስትደርሱ ፊላ ነፊዎቹን ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ፤ ለተጫወቱላችሁም የሚገባቸውን ክፈሉ።