መዳን የማይችለውን ሕፃን ማስታመም

ቋንቋችን ማከምን ከማስታመም ለይቶ ያውቃል። የሚያክመው ሐኪሙ ነው፤ የሚያስታምመው ግን ከራስጌ የሚቀመጠው፣ ውኃ የሚያቀብለው፣ ሌሊት ትራሱን የሚያስተካክለው ሰው ነው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ በሽታውን ማዳን አይቻልም» ብሎ የተናገረ ዕለት ማስታመም አያበቃም፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። በሽተኛው ሕፃን ሲሆን ደግሞ ነገሩ እጅግ ይከብዳል፤ ልጁን እቀብራለሁ ብሎ የሚያስብ ወላጅ የለምና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ለማሳዘን ብዬ አይደለም። እንደ ማንኛውም ሙያ ሁሉ ማስታመምም በጎና መጥፎ አለው፤ በጎው በምን እንደሚታወቅ ለማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ሲሲሊ ሳውንደርስ የተባሉ ሐኪም በ1967 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሴይንት ክሪስቶፈር የሚባለውን ቤት ከፈቱ። የቤቱም ሥራ መዳን የማይችሉትን ሰዎች ሥቃይ ማቅለል ነበር፤ እንዲህ ያለው ቤት ሆስፒስ ይባላል። ለሕፃናት ብቻ የተሠራ ሆስፒስ ግን እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ በዓለም ላይ አልነበረም። በዚያ ዓመት ሔለን ሐውስ የተባለው ቤት በኦክስፎርድ ከተማ ተከፈተ። የመሠረቱት ሲስተር ፍራንሲስ ዶሚኒካ የተባሉ፣ ነርስነት የተማሩ መነኩሲት ናቸው። አሳቡ የመጣላቸው ወላጆችዋ በቤታቸው የሚያስታምሟትን አንዲት ሕፃን አልፎ አልፎ ወደ ገዳማቸው እየወሰዱ፣ እናትና አባት ጥቂት እንዲያርፉ ሲረዱ ሳሉ ነው። ስለዚህም ቤቱ እንደ ሆስፒታል ሳይሆን እንደ መኖሪያ ቤት ተሠራ። ሕፃኑ ጥቂት ቀን ገብቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ወላጆቹ፣ ወንድሞቹና እኅቶቹም አብረውት ያድራሉ።

ታዲያ የማስታመሙ ጥሩነት የሚለካው በምንድን ነው? ቀለም የተቀባ ግድግዳና የሚያምር መጫወቻ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መለኪያ የሕፃኑ ሥቃይ ነው። በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በካንሰር ምክንያት ልጆቻቸው የሞቱባቸው 103 ወላጆች ተጠይቀው፣ መልሳቸው በ2000 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከልጆቹ መካከል ከመቶ 89ኙ በመጨረሻው ወር ቢያንስ በአንድ የሕመም ስሜት እጅግ ተሠቃይተው ነበር። ለሕመሙ መድኃኒት ከተሰጣቸውም ውስጥ ሥቃዩ በሚገባ የታገሠላቸው ከመቶ 27ቱ ብቻ ናቸው። ይህ የሆነው ሐኪምና መድኃኒት በሞላበት ከተማ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ምክንያቱ አንድም የሕፃን ሥቃይ በቀላሉ የማይታመን መሆኑ ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ሐኪሞች አራስ ሕፃን ሕመም እንደ ትልቅ ሰው አይሰማውም ይሉ ነበር። ዛሬ ግን መናገር የማይችለው ሕፃን ከፊቱ፣ ከእግሩ አኳኋን፣ ከለቅሶው ይመረመራል፤ ከፍ ያለውም ከሣቂው እስከ አልቃሹ የተሣሉ ስድስት ፊቶች ቀርበውለት የእርሱን ሕመም የሚመስለውን በጣቱ ያሳያል። ቀላል ሕመም በፓራሲታሞል ወይም በአይቡፕሮፌን ይታገሣል፤ ከበድ ላለው ግን ሞርፊን ይሰጣል። መጠኑ እንደ ሕፃኑ ክብደት ይወሰናል፤ የሚሰጠውም ሕፃኑ እስኪጮኽ ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ ነው። «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ ሥቃይ ላይ ያለውን ሕፃን መከልከል ዕውቀት አይባልም።

ሁለተኛው መለኪያ እውነት ነው። በአገራችን ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ የሚረዳው ዘመድ ተሰብስቦ ነው። የሚደበቀው በፍቅር መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ልጆች የእናታቸውን ዓይን ያነባሉ፤ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁና ወላጆቻቸው እንዳያዝኑ ብለው እነርሱም በፈንታቸው ይደብቃሉ። በስዊድን አገር በካንሰር ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ተጠይቀው መልሱ በ2004 ዓ.ም. ታተመ። ከልጃቸው ጋር ስለ ሞት የተነጋገሩት 147 ነበሩ፤ ከእነዚህ አንድ ስንኳ የተጸጸተ አልተገኘም። ካልተነጋገሩት 258 መካከል ግን 69ኙ ተጸጽተዋል። ይህ ማለት ለሕፃን ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ማፍሰስ ይገባል ማለት አይደለም። ልጁ በጠየቀው ልክ፣ በሚገባው ቃል፣ ሳይዋሹ መመለስ ይበቃል።

ሦስተኛው መለኪያ ቤተ ሰቡ ነው። እኔ በማስተምርበት ክፍል የታመመ ልጅ ወንድም ወይም እኅት ይቀመጣል፤ መምህሩ የሚያየው ያልተሠራ የቤት ሥራና የተዘናጋ ፊት ብቻ ነው። ጥሩ ሆስፒስ እነዚህን ልጆች ይቈጥራቸዋል፤ ይጠይቃቸዋል፤ ያጫውታቸዋል። ከቀብርም በኋላ ወላጆችን አይረሳም። የታመመውም ልጅ ቢሆን እስከ መጨረሻው ልጅ ነውና፣ ከቻለ መጻፍና መሣል፣ መጫወትና መጣላት ይፈልጋል።

አንባቢው «ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ነገር ነው» ይሉ ይሆናል። የኡጋንዳ ነገር ግን ሌላ ያስተምራል። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 ዓ.ም. በካምፓላ ባቋቋሙት ሆስፒስ የሞርፊን ዱቄት በውኃ እየተበጠበጠ በጠርሙስ ይታደል ጀመር፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሠራተኞቹ በሽተኛውን በየቤቱ እየሄዱ ይጠይቃሉ። ሐኪም ጥቂት በመሆኑም መንግሥቱ በ2004 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደ።

የእኛም አገር ሰው በሽተኛ መጠየቅን የሚያስተምረው አያሻም። ጎረቤት ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «እግዜር ይማርልሽ» ይላል፤ ቡና ይጠጣና ይሄዳል። ያን ጊዜ እናቲቱ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከጠያቂዎቹ መካከል አንዷ «ዛሬ ሌሊት እኔ አስታምመዋለሁ፣ አንቺ ተኚ» ብትላት፣ ሌላውም ታናሽ እኅቱን ቤቱ ወስዶ ትምህርቷን ቢያስጠናት፣ የኦክስፎርዱ ቤት የተሠራበትን ሥራ ያለ ሕንፃ ሠሩት ማለት ነው። የመድኃኒቱ ነገር ከሐኪሞችና ከባለሥልጣኖች የሚጠበቅ ነው፤ አንዱን ሌሊት መካፈል ግን አንባቢ ሆይ፣ ከእርስዎም እጅ አይወጣም።