ፀሐይ ሲበረታ ጫት ይወደዳል፤ ትርፉ ግን ለባለጉድጓዱ ነው

ከጥር ወር አጋማሽ አንስቶ የበልግ ዝናብ እስኪገባ ድረስ በአዲስ አበባ የጫት መሸጫ ሱቆች በራፍ ላይ የሚሰማው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። ደንበኛው “እስሩ አነሰ፣ ዋጋው ናረ” ይላል። ባለሱቁ ደግሞ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል። ክርክሩ ዘወትር የሚያበቃው ደንበኛው ኪሱ ሲገባ ነው።

ይህ በየበጋው የሚመጣ የዋጋ ንረት በሩቅ ለሚመለከተው ከተሜ ባለገንዘብ አጓጊ ነው። ዋጋው በዓመቱ ከፍተኛው ላይ በሚደርስበት ወቅት የጫት ማሳ በእጁ ያለ ሰው የሚከስር አይመስልም። ይሁንና የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬና የአወዳይ ነጋዴ ሒሳቡን የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። እነሱ ማሳው ስንት እግር ጫት እንዳለው ከመጠየቃቸው በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃሉ።

ምክንያቱ ከተክሉ ጠባይ የሚነሳ ነው። ጫት በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 2100 ሜትር ባለው ከፍታ የሚለማ፣ ሥሩን ወደ ታች ርቆ የሚሰድ፣ ድርቅን የሚቋቋም ተክል ነው። አንዴ ከተተከለና ከያዘ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። በጋው ቢከር፣ ፀሐዩ ቢያቃጥል በቀላሉ አይደርቅም። ችግሩ ገበያው ዛፉን አለመግዛቱ ነው። ገበያው የሚገዛው ለጋውን ቀንበጥ ሲሆን፣ አፈሩ ሲደርቅና ሙቀቱ ሲበረታ ተክሉ መጀመሪያ የሚያቆመው ይህንኑ ቀንበጥ ማውጣት ነው። ያለውን ቅጠል አጠንክሮ፣ እርጥበቱን ቆጥቦ ዝናብ ይጠብቃል። ለዛፉ ይህ ብልኅነት ነው፤ ለባለማሳው ግን ዛፉ በሕይወት እያለ ገቢው ሞተ ማለት ነው።

በዝናብ ብቻ የሚለማ ጫት በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ይቆረጣል። መስኖ የሚያገኘው ሦስትና አራት ጊዜ ይደርሳል። እነዚያ ተጨማሪ አንድና ሁለት ቆረጣዎች የሚውሉት ደግሞ ገበያው በተራበበት ወቅት ነው። የጠቅላላው ንግድ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ገበሬው አሮጌውን ቅጠል ያራግፋል፣ በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ ያለውን ገንዳ አስተካክሎ ውሃ ያጠጣል፣ አዲሱን ቀንበጥ ይጠብቃል። ብልኅ የሆነው ግን ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አያጠጣም። በቁራጭ በቁራጭ ከፍሎ በተራ ያጠጣል፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው እየደረሰ በጋውን ሙሉ ከገበያው አይጠፋም። ውሃ የሚለቀቀው በአመዛኙ ወደ ማታ ነው። በቀትር የተለቀቀ ውሃ ገሚሱን ፀሐይ ትጠጣዋለች። ደግሞም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ያስለምደዋል፤ ፓምፑ አንድ ሳምንት የተሰበረ ዕለት እንዲህ የለመደ ጫት ከማንም በፊት ይጠወልጋል።

የግብርና ባለሙያ አፈሩን በአገዳ መሸፈን እርጥበት እንደሚይዝ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በሐረርጌ ጫት ከማሽላና ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ የሚዘራ ሲሆን፣ የማሽላው አገዳ በበጋ የከብት መኖ፣ የምድጃም ማገዶ ነው። አገዳውን መሬት ላይ የሚያነጥፍ ገበሬ ለላሙ ሌላ መኖ መግዛት አለበት። ስለዚህ ምክሩ በወጪ መዝገብ ላይ ሲሰፍር እንደ ወረቀቱ ርካሽ አይደለም። ይህም አልበቃ ብሎ በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ውርጭ ለጋውን ቅጠል በአንድ ሌሊት ሊያቃጥለው ይችላል። በጋ ማለት ሙቀት ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ይዘነጋዋል።

የሐረማያ ነገር

የውሃውን ዋጋ ለማወቅ ከአወዳይ ብዙም ሳይርቁ የሐረማያን ሐይቅ ታሪክ ማስታወስ በቂ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ያለው ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ለዙሪያው ገበሬ ደግሞ የመስኖ ምንጭ ነበር። ጫቱም፣ ወደ ጅቡቲ የሚሻገረው ድንችና አትክልትም ከእርሱ ጠጥቷል። ከዙሪያው ተራሮች የሚታጠበው ደለል ከታች ሞላው፣ ፓምፑ ከላይ ቀዳው፣ ፀሐዩ ደግሞ የተረፈውን ወሰደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ሐረር በውሃ ወረፋ ተሰቃየች፤ በኋላም በድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ ሽቅብ እየተገፋ እንዲደርሳት ተደረገ።

ገበሬው ግን ሐይቁ ደረቀ ብሎ ጫቱን አልነቀለም። ወደ ሐይቁ ወለል ወርዶ ጉድጓድ ቆፈረ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ሐይቁ እንደገና ታይቷል፤ በተፋሰሱ የተሠራው እርከንም ሆነ የተሻሻለው ዝናብ ድርሻ አላቸው። ውሃው ሲመለስ ያንኑ ውሃ የሚፈልገው ጫት ከቀድሞው አላነሰም። ይህን ያየ ነጋዴ ሐይቁ መመለሱን እንደ ዋስትና ሊቆጥረው አይገባም።

ዛሬ በአካባቢው የበጋው ሀብት የሚለካው በጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ያለው የራሱን ጫት አጠጥቶ የቀረውን ውሃ ለጎረቤቱ ይሸጣል። ውሃው በወረደ ቁጥር ቁፋሮው ይጠልቃል፣ ናፍጣው ይጨምራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነዳጁም፣ የፓምፑ መለዋወጫም፣ የተባይ መድኃኒቱም በብር ሲተመኑ ዋጋቸው ሌላ ሆኗል። ላኪው ዶላር ስለሚያስገባ ከምንዛሪው ለውጥ የሚያገኘው ነገር አለ። ውሃ በሰዓት የሚገዛው ትንሽ ገበሬ ግን የሚደርሰው የወጪው ንረት ነው። ጫት ለእርሱ ትርፍ ብቻ ሳይሆን የዓመት እህል መግዣም ነው። በጋው ላይ ቆረጣ ያጣ ሰው ማሽላ የሚሸምተው ዋጋዋ በሚወደድበት ወራት ነው።

በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ፓምፕ መፍትሔ ተደርጎ ይወራል። ናፍጣ የማይጠይቅ በመሆኑ የዕለት ወጪውን በእርግጥ ይቀንሳል። ሆኖም ናፍጣ ውድ በመሆኑ ምክንያት ቢያንስ ማታ ማታ የሚያርፍ ጉድጓድ ነበር። ፀሐይ በወጣች ቁጥር በነፃ የሚቀዳ ፓምፕ የሚያቆመው የጉድጓዱ መድረቅ ብቻ ነው፤ በጋ ደግሞ ፀሐይ የሚጎድልበት ወቅት አይደለም።

ስለ ተባይ መድኃኒትም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በደረቁ ወቅት ቅጠሉን የሚመጡ ተባዮች ይበረታሉ፤ ገበሬውም የተሸበሸበ ቅጠል እንደማይሸጥ ስለሚያውቅ ይረጫል። በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ምርመራዎች በጫት ቅጠል ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። ጫት ደግሞ የማይቀቀል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ ከዙርባው ወደ አፍ የሚገባ ቅጠል ነው። መቼ እንደተረጨ የማይጠይቅ ደላላ ለገዢው ምን እንደሚያቀርብ አያውቅም ማለት ነው።

ሁለት ሙቀት

ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ሩጫ ይጀመራል። ጫቱን ተፈላጊ የሚያደርገው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ይዳከማል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ገዢ አፍ ያልገባ ጫት ዋጋው ወደ ገራባ ይወርዳል። ቆረጣው ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ከዘቀዘቀ በኋላ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ በአወዳይ ይሰበሰብና አንዱ በድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው በጅግጅጋና በውጫሌ በኩል ወደ ሶማሌላንድ ይነጉዳል። ጫት ጫኙ አይሱዙ በአገሩ ሰው አፍ “አልቃይዳ” የሚል ቅጽል ስም ያተረፈው በዚህ ፍጥነቱ ነው። በየመንገዱ የጠፋው ሕይወት በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ውስጥ አልሰፈረም። በ1940ዎቹ ከድሬዳዋ ወደ ኤደን ጫት በአውሮፕላን የሚላከውም ከዚሁ ከሰዓቱ ጋር በሚደረግ ግብግብ ምክንያት ነበር።

እዚህ ላይ ከዘርፉ ውጭ ያለ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሙቀቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ የሁለቱም ወራት የተለያየ ነው። ማሳውን የሚጎዳው ሙቀት ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በጅቡቲ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሐሩር የሚመጣው ግን ከሰኔ ወዲህ፣ ሐረርጌ ዝናብ በሚያገኝበትና ጫት በሚትረፈረፍበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በበጋ ነጋዴው የሚቸገረው ጫት ለማግኘት ሲሆን፣ በክረምት ደግሞ ያገኘውን ሳይጠወልግ ለማድረስ ነው። በበጋ የከሰረ ሰው ውድ ገዝቶ ነው፤ በክረምት የከሰረው ርካሽ ገዝቶ መንገድ ላይ አበላሽቶ ነው።

ሒሳቡ ጨካኝ ነው። ለምሳሌ ያህል 100 እስር የጫነ ነጋዴ 20ው ቢጠወልግበት የቀረውን 80 በአንድ አራተኛ ጨምሮ ካልሸጠ ዋናውን እንኳ አይመልስም። በበጋ ዋጋው ራሱ ስለሚንር ገበያው ይህን ጭማሪ ሊሸከምለት ይችላል። በክረምት፣ ጎረቤቱ ያልጠወለገ ጫት በርካሽ ይዞ በቆመበት ሰዓት ግን ማንም አይሸከምለትም።

የገበያው ስፋትም እንደ ድሮው አይደለም። ኔዘርላንድስ በ2005 ዓ.ም. በሯን ዘጋች፣ ብሪታንያም ሰኔ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ተከተለች፤ የለንደኑ በረራ በዚያው ቀረ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ጫት የተከለከለ ነው። ሕጋዊው ንግድ በአመዛኙ በጅቡቲና በሶማሌዎች ላይ አርፏል። ከወጪ ንግዱ በ2013 የበጀት ዓመት የተገኘው 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በ2015 ወደ 250 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። ባለሥልጣናት በዋናነት የወቀሱት ኮንትሮባንድን ነው። ጫቱ አልቀነሰም፤ የሄደበት መንገድ ነው የተለወጠው።

ማሳ ላይ ለሚገዙ

ከነቆመ ጫት ገዝቶ፣ ዘበኛ አስቀምጦ፣ ዋጋ ሲወጣ ማስቆረጥ የቆየ የነጋዴዎች ዘዴ ነው። አሁን ገንዘቡን ይዞ ወደዚህ የሚያማትር ከተሜም አለ። የእንዲህ ያለው ግዢ ትልቁ ባላጋራ ድርቁ ሳይሆን የበልጉ ዝናብ ነው። በየካቲት መጨረሻ በውድ የተገዛ ማሳ ሳይቆረጥ ዝናቡ ቢቀድመው፣ ውሃ ያልነበረው ጎረቤት ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ቀንበጥ ያወጣል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ገዢው ሰማይ ላይ ቁማር እንደያዘ ማወቅ አለበት።

በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ረመዳን ከዚሁ ደረቅ ወቅት ጋር ተገጣጥሟል። በጾሙ ወር የቀኑ በርጫ ወደ ማታ ስለሚዞር የመኪናው መድረሻ ሰዓትም አብሮ ይዞራል። ከቀትር በኋላ ጅቡቲ እንዲገባ ተሰልቶ የተቆረጠ ጭነት እስከ ማፍጠሪያ ፀሐይ ላይ ሊቆም ነው።

ጉድጓድ ለማየት የሚሄድ ሰው በመስከረም ባይሄድ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ጉድጓድ ሞልቶ ይታያል። መታየት ያለበት በየካቲት፣ ፓምፑ ሌሊቱን ከሠራ በኋላ በማለዳ ነው። ከዚያ በኋላ በስምምነቱ ላይ መስፈር የሚገባው ጉዳይ የናፍጣው ነው። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢዘገይና አንድ ተጨማሪ ዙር ማጠጣት ግድ ቢሆን ከፋዩ ማን ነው? አብዛኛው የቃል ውል ይህን አያነሳም። ክርክሩ የሚነሳውም ቀንበጡ ግማሽ ከደረሰ በኋላ፣ ገዢው ገንዘቡን ባለማሳው ደግሞ ውሃውን ይዘው ሲፋጠጡ ነው።