አሞራ ገደል ስትሄዱ እግራችሁን ሐይቁ ውስጥ ከመንከራችሁ በፊት

እረፍት ሲመጣ ሀዋሳ የሚወርደው ብዙ ነው፤ ሀዋሳ ተሂዶ ደግሞ አሞራ ገደል አይቀርም። የዛፎቹ ጥላ፣ ጉሬዛው፣ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት ትልልቅ አሞሮች፣ ሾርባው... ሂዱ! በእግር መራመዱም ከስልክ መራቁም ለደም ግፊትም ለጭንቀትም ጥሩ ነው። የዛሬው ጉዳዬ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጫማ አውልቆ ውሃው ውስጥ መግባት።

የሀዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ ከሚገኝባቸው ሐይቆቻችን አንዱ ነው። ጣናና ዝዋይም እንደዚሁ።

«ኧረ ዶክተር፣ እኔ ውሃውን አልጠጣሁም» የሚለኝ አለ። በሽታው እኮ የሚገባው በቆዳ ነው! ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሐይቁ ዳር ሲፀዳዳ፣ ወይም ሰገራው በዝናብ ታጥቦ ሲገባ፣ እንቁላሉ ውሃው ውስጥ ይፈለፈላል። ከዛ ሳር በበዛበት ረጋ ያለ ዳርቻ የሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ከቀንድ አውጣው የሚወጡት በዓይን የማይታዩ እጮች የሰው ቆዳ ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስረው ይገባሉ። ቁስል አያስፈልጋቸውም። የሚበዙት ደግሞ ፀሐይ ሲጠነክር፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ልክ ልጆች «ሞቀን» ብለው ውሃ በሚፈልጉበት ሰዓት።

(በነገራችን ላይ ይህንን ቀንድ አውጣ የእኛው እንዶድ ይገድለዋል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የደረሱበት።)

ጀልባ መሳፈር ችግር የለውም፤ ስትሳፈሩና ስትወርዱ ግን እግር አይነከር። ከነካችሁ ወዲያው በፎጣ ጠበቅ አድርጋችሁ አድርቁ። ይረዳ ይሆናል እንጂ ዋስትና አይደለም።

አስቸጋሪው ነገር ብዙ ጊዜ ምልክት አለማሳየቱ ነው። አንዳንዱን ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ታይፎይድ ነው ብሎ ያስባል፤ ሐይቁን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ይጎዳል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም እስከማስታወክም ይደርሳል።

ምርመራው የሰገራ ነው። ግን በማግስቱ አትሩጡ! ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ቀድማችሁ ከተመረመራችሁ «ነፃ ነህ» ተብላችሁ ልትሸወዱ ትችላላችሁ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላና ገና ያላደገውን ትል በደንብ ስለማይገድል በግምት ገዝታችሁ አትዋጡ።

ከ2 ወር በፊት ሐይቅ ገብታችሁ ያልተመረመራችሁ ካላችሁ፣ ጊዜው አሁን ነው። ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ።