መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ የሚነሳ እሳት

ከደሴ ፒያሳ ቀና ያለ ሰው የጦሳን ተራራ ያያል፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ደግሞ የየጎፍ ደን ይቀበለዋል። ሁለቱም ለከተማና ለመንገድ ቅርብ ናቸውና ጭስ ከታየ ሰው ዶማና አካፋውን ይዞ ቶሎ ሊደርስ ይችላል። የደንቆሮን ጫካ ባቀፈው የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አስታ የተባለው ቁጥቋጦና የጓሳ ሣር የሚበቅሉት ከፍ ባለው አፋፍ ላይ ነው፤ ወደዚያ ደግሞ መንገዱ የእግር ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ከሃያ ዓመታት በላይ ስታነሳው የኖረችው ጥያቄም ከዚህ ይጀምራል፦ እንዲህ ባለ ቦታ እሳት ሲነሳ ማን፣ በምን ይደርሳል?

ጥያቄው ጎልቶ የተሰማው በ1992 ዓ.ም ነበር። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በባሌና በኦሮሚያው ቦረና የተነሳው ሰደድ እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን በላ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ዘመተ፤ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች መጡ። በቀጣዩ መስከረም አዲስ አበባ ላይ ስለ ደን እሳት አያያዝ ጉባኤ ተካሄደ።

በ2011 ዓ.ም ተረኛው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ካወጣው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። መጋቢት ላይ የተነሳው እሳት ጠፋ ሲባል እያገረሸ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ጓሳና አስታ አቃጠለ። ነዋሪውና የፓርኩ ጥበቃዎች ቅርንጫፍ እየቆረጡ ነበልባሉን መቱት፤ ገደል ውስጥ የገባው እሳት ግን ከእጃቸው ውጭ ነበር። መንግሥት የውጭ እርዳታ ጠየቀ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ እሳቱ ብዙ ቀን ሆኖት ነበር።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ችግር ያበጁት መፍትሔ በጃንጥላ የሚወርድ የእሳት ተከላካይ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሞከረችው፤ አሜሪካ ደግሞ ሐምሌ 1940 በአይዳሆ ደን ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዎች አወረደች። እ.ኤ.አ. በ1945 ጥቁር አሜሪካውያን ብቻ የነበሩበት 555ኛው የአየር ወለድ ሻለቃ ለዚሁ ሥራ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ተላከ።

አሠራሩ ጥድፊያ ያለበት ቢመስልም በጥንቃቄ የተለካ ነው። አውሮፕላኑ ከእሳቱ በላይ ሲዞር አንድ ሰው ባለ ቀለም ረጃጅም ወረቀት ይወረውራል፤ ወረቀቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ነፋሱን ይናገራል። ከዚያ ዘላዮቹ ወፍራም ልብስ ለብሰው፣ የሽቦ መረብ ያለው የራስ ቁር አድርገውና ገመድ ይዘው ይወርዳሉ፤ ገመዱ ጃንጥላው ዛፍ ላይ ቢንጠለጠል ለመውረጃ ነው። መሣሪያና ስንቅ በሳጥን ተከትሏቸው ይጣላል። ሥራቸው ውኃ መርጨት አይደለም። እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ዙሪያውን ሣሩንና ሥሩን እየነቀሉ፣ አፈሩ እስኪገለጥ እየቆፈሩ መንገዱን መዝጋት ነው። አደጋው ከባድ ነው፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1949 በሞንታና ማን ጋልች በተባለ ሸለቆ እሳቱ ነፋስ አግኝቶ ሲዞርባቸው 13 ሰዎች ሞቱ።

ሌላዋ አማራጭ ሄሊኮፕተር ናት፤ ከሥሯ ባንጠለጠለችው ባልዲ ውኃ ቀድታ ታፈሳለች፤ አንዳንዴም ሰዎችን በገመድ ታወርዳለች። ከፍታ ግን ይፈትናታል። አየሩ ሲሳሳ፣ ቀኑም ሲሞቅ የማንሳት ኃይሏ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስሜንን በመሰለ ከ4,000 ሜትር በሚያልፍ ተራራ ላይ የምትሸከመው ውኃ ቆላ ላይ ከምትሸከመው ያነሰ ነው። ውኃው ሩቅ ከሆነ ደግሞ ምልልሱ ጊዜ ይበላል። የፈሰሰውም ውኃ ነበልባሉን ያበርዳል እንጂ ከሥር የሚጨሰውን ፍም የሚያጠፋው ዶማ የያዘ ሰው ነው።

ስለዚህ «ሄሊኮፕተር ይገዛ» የሚለው ክርክር ብቻውን ጎደሎ ነው። እሳት የሚበዛው በበጋው ወራት በመሆኑ ለዚያ ብቻ አውሮፕላንና ዘላይ ዓመቱን ሙሉ ማቆየት ውድ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ በሌላ አደጋ የሞከረችው መንገድ ግን አለ። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የመርጫ አውሮፕላኖችን ለአባል አገሮች በጋራ ያሰማራል። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ አንበጣ የወሎን ማሳ ሲያወድም የጋራ አሠራርም ሳይበቃ እንደሚቀር ታይቷል፤ አውሮፕላን ሲያንስ ወይም ሲዘገይ ገበሬው በጩኸትና በጅራፍ ብቻውን ይጋፈጣል።

እሳትን በተመለከተም ውሳኔ የሚሹት ነገሮች ከግዢው በፊት የሚመጡ ናቸው። ጭሱን ያየ የቀበሌ ሰው ለማን ይደውላል? ሄሊኮፕተር እንድትነሳ የሚያዘው ክልሉ ነው ወይስ ፌዴራል መንግሥት? ለደቡብ ወሎ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ እስከ ሳይንት ባለው ተራራ ላይ ግን የማረፊያ ሜዳዎችና ባልዲ የሚጠልቅባቸው የውኃ ቦታዎች ከበጋው በፊት ተለይተው ካርታ ላይ መስፈር አለባቸው። ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው የአካባቢው ገበሬም ሥልጠና፣ ጫማና መሣሪያ ያስፈልገዋል።